ፒዲኤፉ እጃችን ገብቷል፤ ፈቃዱስ?

ሴሚስተር ሲጀመር በጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ዙሪያ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ፋታ አያገኙም። ተማሪው ፍላሹን ይሰካል። ሃንድአውቱ ይታተማል፣ ይጠረዛል፣ ይሄዳል። ፋይሉ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከመምህሩ ይሆናል፤ ከቴሌግራም ቻናል ይሆናል፤ ሲኒየር ተማሪ ያወረሰው ይሆናል። መምህሩም የነገውን ክፍለ ጊዜ ሲያዘጋጅ ጎግል ላይ ያገኘውን ሥዕል ስላይዱ ላይ ለጥፎ ይገባል።

በዚህ ክፉ ያሰበ ሰው የለም። ሁሉም ለመማርና ለማስተማር ነው። ግን ሁለት ስህተቶች አብረውን ይኖራሉ። አንደኛው፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ክፍያ የተገኘ ነገር ሁሉ እንደፈለግን ልናደርገው እንችላለን ብሎ ማመን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ባለቤቶቹ «ውሰዱት፣ ተርጉሙት፣ አባዙት» ብለው በጽሑፍ የፈቀዱልንን ብዙ ጥሩ ነገር መኖሩን ሳናውቅ መቅረት። እኔን ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ይህ ሁለተኛው ነው። የመማሪያ መጽሐፍ በሚያጥርበት፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት፣ ልጆች በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በሚማሩበት ከተማ እንዲህ ያለ ፈቃድ ትልቅ ሀብት ነው።

ስለዚህ ጉዳዩን ከመሠረቱ እንየው።

በነፃ ያወረድኩትን ነገር እንደፈለግኩ ማድረግ አልችልም?

አንዳንዴ ትችላላችሁ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ገንዘብ አለመክፈል አንድ ነገር ነው። ፈቃድ ማግኘት ሌላ ነገር ነው።

በአገራችን ይህን የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። በሕጉ መሠረት አንድ ሰው የራሱ የሆነ ሥራ ጽፎ፣ ስሎ ወይም ቀርጾ እንደጨረሰ መብቱ ወዲያው ይፈጠራል። መመዝገብ አያስፈልገውም። «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል ጽሑፍ ባይኖርበትም የተጠበቀ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሥዕሉ ላይ ምንም ምልክት ካላየ ባለቤት የሌለው ይመስለዋል። ሕጉ የሚለው ግን የተገላቢጦሹን ነው፤ ምንም ካልተጻፈበት የተከለከለ እንደሆነ ቁጠሩት።

ጥበቃው ረጅም ነው። ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ለፎቶግራፍ አጠር ይላል፤ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ጊዜው ሲያልፍ ሥራው የሁሉም ሰው ይሆናል። ሕግ፣ አዋጅና የመሳሰሉት የመንግሥት ይፋዊ ጽሑፎች ከመጀመሪያውም በዚህ ጥበቃ ውስጥ አይገቡም። ይህን አዋጅ ራሱን አባዝታችሁ ብታድሉት የሚከለክላችሁ የለም።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ቤታችሁ ያለውን የትምህርት ሚኒስቴር የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጾች ተመልከቱ። መብቱ የሚኒስቴሩ እንደሆነና ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ማባዛት እንደማይቻል ይላል። የአዋጁንም ቁጥር ይጠቅሳል። የዚያው መጽሐፍ ፒዲኤፍ ግን ያለ ምንም ክፍያ ስልካችን ላይ አለ። ማንበብ እንችላለን። ከዚያ አልፎ ቆርጦ ቀጥሎ የራስን አጋዥ መጽሐፍ ማሳተም ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ለማስተማር ከሆነስ ሕጉ አይፈቅድም?

ይፈቅዳል፤ በልክ። አዋጁ ለማስተማር ዓላማ ከታተመ ሥራ ላይ ማባዛትን ባለመብቱ ሊከለክል እንደማይችል ይናገራል። ሁለት ነገር ግን ይጠይቃል። አንዱ መጠኑ ነው፤ ለትምህርቱ ከሚያስፈልገው አይበልጥም፣ ከተለመደው ተገቢ አሠራርም አይወጣም። ሌላው በተቻለ መጠን ምንጩና የደራሲው ስም መጠቀሱ ነው። ጠቅሶ መጻፍም፣ ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማድረግም በየራሳቸው ገደብ ተፈቅደዋል።

ስለዚህ የልብን አሠራር የሚያሳይ አንድ ሥዕል ከመጽሐፍ ወስዶ፣ ምንጩን ጽፎ፣ ለክፍሉ ተማሪዎች ማባዛት አያስጨንቅም። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ስካን አድርጎ ለሺዎች በቴሌግራም መልቀቅ ግን ከዚያ ጋር አንድ አይደለም። ተርጉሞ በራስ ስም ማውጣትማ ጨርሶ የተለየ ነው።

ችግሩ «በልክ» የሚለው ቃል ነው። ልኩ የት ላይ ነው? መምህሩ እያንዳንዱን ገጽ ባነሳ ቁጥር ይህን ሲያሰላ ሊኖር አይችልም። ክፍት ፈቃድ የመጣው ይህን ጭንቀት ለማቅለል ነው።

ክፍት ፈቃድ ማለት ታዲያ ምንድን ነው?

የሥራው ባለቤት ለማንም ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ኢሜይል ልካችሁ፣ መልስ ጠብቃችሁ፣ ደብዳቤ አስፈርማችሁ አይደለም። ፈቃዱ ከሥራው ጋር ተጽፎ ይመጣል። እነዚህን እነዚህን ካከበራችሁ ተጠቀሙበት ይላል።

ጎረቤት አንድ ሲኒ የፈላ ቡና ቢጋብዛችሁ ጠጥታችሁ ታመሰግናላችሁ፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። የቡና ችግኝ ቢሰጣችሁ ግን ወስዳችሁ በጓሯችሁ ትተክላላችሁ፣ ከአፈሩ ጋር ታላምዱታላችሁ፣ ከፍሬው አፍልታችሁ ለሌላ ጎረቤት ትሰጣላችሁ። በነፃ የሚነበብ ፒዲኤፍ እንደ ሲኒው ነው። ክፍት ፈቃድ ያለው ደግሞ እንደ ችግኙ ነው።

በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ፈቃድ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ይባላል። ድርጅቱ በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተመሠረተ። የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶች በ2002 አወጣ። አሁን የሚሠራበት 4.0 የሚባለው እትም በ2013 የወጣ ነው። ዩኔስኮ ደግሞ በዚያው በ2002 ባዘጋጀው መድረክ በእንዲህ ያለ ፈቃድ ለሚለቀቁ የማስተማሪያ ጽሑፎች፣ ቪዲዮዎችና ፈተናዎች የጋራ ስም ወጣላቸው፤ ክፍት የትምህርት ሀብቶች ተባሉ። በ2019 የዩኔስኮ አባል አገራት ስለዚሁ ጉዳይ አንድ የጋራ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቀዋል።

አንድ ነገር ላስምርበት። በክፍት ፈቃድ ሥራውን የለቀቀ ሰው መብቱን አልጣለም። ባለቤቱ አሁንም እሱ ነው። ፈቃዱን ጥሶ የሚጠቀምን ሰው በሕግ ሊጠይቅ ይችላል። «ኦፕን ነው» ማለት «የማንም አይደለም» ማለት አይደለም።

እነዚያ አጫጭር ፊደላት ምን እያሉ ነው?

በመጽሐፉ መጀመሪያ ወይም በድረ ገጹ ግርጌ ክብ ውስጥ የገቡ ሁለት «ሲ» (C) ፊደላት ታያላችሁ፤ «ሲሲ» የክሪኤቲቭ ኮመንስ አጭር መጠሪያ ነው። አጠገባቸው ሌሎች ፊደላት ይደረደራሉ። ሁሉም የተሠሩት ከአራት ቅድመ ሁኔታዎች ነው።

«ባይ» (BY) የሚለው ስሜን ጥቀሱ ነው። ከእነዚህ በሚወጡት ፈቃዶች ሁሉ ውስጥ አለ። «ኤስኤ» (SA) ቀይራችሁ ካወጣችሁት እናንተም በዚሁ ፈቃድ ልቀቁት ይላል። እኔ ከፍቼ የሰጠሁትን እናንተ ዘግታችሁ አትሽጡት እንደማለት ነው። «ኤንሲ» (NC) ለንግድ ጥቅም አታውሉት ነው። «ኤንዲ» (ND) ደግሞ እንዳለ አካፍሉት፣ የቀየራችሁትን ግን አታሰራጩ ይላል።

እነዚህ ሲዳቀሉ ስድስት ፈቃድ ይወጣል። ለስለስ ያለው «ሲሲ ባይ» ብቻ የሚለው ነው፤ ስም ጠቅሳችሁ የፈለጋችሁትን አድርጉ። ጠበቅ ያለው «ሲሲ ባይ ኤንሲ ኤንዲ» ነው፤ ማካፈል ይቻላል፣ መንካትም መነገድም አይቻልም። ከእነዚህ ውጪ «ሲሲ ዜሮ» የሚባል አለ። በእሱ ባለቤቱ መብቱን በሙሉ ለሕዝብ ይለቃል፤ ስም መጥቀስ እንኳ ግዴታ አይሆንም።

ለእኛ ከሁሉም በላይ ልብ ልንለው የሚገባው «ኤንዲ»ን ነው። ምክንያቱም ትርጉም እንደ ለውጥ ይቆጠራል። «ኤንዲ» ያለበትን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ መልሳችሁ ልታሰራጩ አትችሉም። ለራሳችሁ መተርጎም ትችላላችሁ፤ ማካፈል ግን አይቻልም። ለመተርጎም ጽሑፍ ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ይሁን። ወር ሙሉ ከደከማችሁ በኋላ ብታዩት ያሳዝናል።

ጅማ ላለ መምህርና ተማሪ ምን ያደርግለታል?

የጤና ተማሪ የሆነ ሁሉ የሚያውቀውን ምሳሌ ልጥቀስ። በ1997 እ.ኤ.አ. ከካርተር ሴንተር ጋር የተጀመረው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ሥልጠና ፕሮግራም ከአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ብዙ ሌክቸር ኖቶች አዘጋጅቷል። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ከአዘጋጆቹ አንዱ ነው። እነዚያን ኖቶች ክፈቷቸው። መጀመሪያው ላይ ስለ ማተምና ፎቶ ኮፒ የተጻፈ አጭር ማሳሰቢያ አለ። የጤና ባለሙያዎች፣ ተማሪዎችና መምህራን ለትርፍ ባልሆነ የትምህርት ዓላማ ሁሉንም ገጽ ያለ ክፍያ ማተም እንደሚችሉ ይናገራል። የደራሲዎቹ ስም ከቅጂው ላይ እንዳይጠፋ ያዛል። መሸጥንና የራስ አስመስሎ ማቅረብን ይከለክላል።

ይህ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ አይደለም። ግን ግልጽ ፈቃድ ነው። ስንቱ ተማሪ ያንን ኖት ሲያትም በሰላም ማተም እንደሚችል አውቆ ነው? በሌላ በኩል ኖቶቹ ስለ መተርጎምና ስለ ማሻሻል የሚሰጡት ፈቃድ የለም። ከላይ ከተፈቀደው ውጪ ያለው ሁሉ የደራሲዎቹን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል። ሲኒው ሞልቷል፤ ችግኙ ግን አልተሰጠም።

አሁን ሌላውን ተመልከቱ። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና ከሌሎች አጋሮች ጋር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማሻሻያ ትምህርት የሚሆኑ 13 ሞጁሎች አዘጋጅቷል። ስለ ወባና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች፣ ስለ እናቶች እንክብካቤ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ምግብ የሚያወሩ ናቸው። የተጻፉት በእኛው አገር የጤና ኬላ አሠራር ነው። ኦፕንለርን በሚባለው ገጽ ላይ በ«ሲሲ ባይ ኤንሲ ኤስኤ» ተለቀዋል። ማለትም ስም እስከተጠቀሰ፣ ንግድ እስካልሆነና ውጤቱ በዚያው ፈቃድ እስከተለቀቀ ድረስ መተርጎምም መቀየርም ይቻላል። የወባውን ክፍል ወደ አፋን ኦሮሞ መልሶ፣ በጅማ ዙሪያ ያሉትን የከርሳንና የሰቃ ጨቆርሳ ወረዳዎችን ሁኔታ ጨምሮ፣ ለሠራተኞቹ በስልካቸው መላክ ማንንም አያስቀይምም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ሕብረተሰቡ አውርዶ በማስተማር የሚታወቅ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ለዚያ ፕሮግራም የተፈጠረ ይመስላል።

ለግብርናና ለባዮሎጂ መምህርም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ያለው የራይስ ዩኒቨርሲቲ ኦፕንስታክስ የሚባል የመማሪያ መጽሐፍ አሳታሚ አለው። ብዙዎቹ መጽሐፎቹ በ«ሲሲ ባይ» ወጥተዋል። ጥራታቸው ደህና ነው፤ ምሳሌዎቻቸው ግን የሰሜን አሜሪካ ናቸው። የጅማ ተማሪ አይቶት የማያውቀውን ደን ከሚያጠና ቡና ከዋንዛና ከብሳና ጥላ ሥር እንዴት እንደሚያድግ ቢያጠና ይቀለዋል። ፈቃዱ ምሳሌውን አውጥታችሁ የራሳችሁን እንድታስገቡ ይፈቅዳል። የሌላ አገር መጽሐፍ ወደ እኛ ትምህርት የሚለወጠው በዚህ መንገድ ነው።

ለታዳጊ ልጆች ደግሞ አፍሪካን ስቶሪቡክ አለ። ደቡብ አፍሪካ ላይ የተነሳ ፕሮጀክት ነው። በአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ ሥዕላዊ ተረቶችን በክፍት ፈቃድ ያወጣል፤ አማርኛም አፋን ኦሮሞም አለበት። ያልተተረጎመውን ራሳችሁ መተርጎም፣ አትማችሁ ለክፍላችሁ ማንበቢያ ማድረግ ትችላላችሁ። አንድ ሰፈር ውስጥ በሁለት ቋንቋ የሚማሩ ልጆች አንድ ተረት ቢያነቡ ጨዋታቸውም አንድ ይሆናል።

ኔትወርክ ለሚያስቸግረው ሁሉ ደግሞ ኪዊክስ የሚባል መተግበሪያ አለ። ዊኪፔዲያን በሙሉ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በትልቅ ሃርድ ዲስክ ነው የሚያዘው። የአማርኛው ግን ስልክ ላይ ይገባል። ይህ ሊሆን የቻለው የዊኪፔዲያ ጽሑፍ በ«ሲሲ ባይ ኤስኤ» ስለተለቀቀ ነው። የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ኮምፒውተሮች ላይ መጫን፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ማሸጋገር የተፈቀደ ነው።

ከምርምር በኩልም መንገዱ እየተከፈተ ነው። በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አውጥቷል። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ ጆርናልም ያለ ክፍያ የሚነበብ ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገንዘብ ተቀብሎ ቢያትመውስ?

«ኤንሲ» ያለበትን ጽሑፍ ይዛችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ እንበል። ሱቁ በገጽ ያስከፍላል። ይህ ንግድ አይደለም ወይ? ፈቃዱን ጣስን?

ይህ ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ግሬት ማይንድስ የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የሂሳብ ማስተማሪያ አዘጋጅቶ በ«ሲሲ ባይ ኤንሲ ኤስኤ» ለቀቀ። ትምህርት ቤቶች ለክፍላቸው ሊያሳትሙት ፌዴክስ ኦፊስ ወደሚባሉት የማባዣ ሱቆች ወሰዱት። ድርጅቱ «ሱቁ እያተረፈበት ስለሆነ ሊከፍለኝ ይገባል» ብሎ ከሰሰ። በ2018 እ.ኤ.አ. የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለሱቁ ፈረደ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፈቃዱን የሚጠቀመው ትምህርት ቤቱ ነው፤ የትምህርት ቤቱ አጠቃቀም ደግሞ ንግድ አይደለም። መምህሩ ራሱ ማሽኑ ላይ ቆሞ ቢያባዛ የተፈቀደለትን፣ ለሌላ ሰው ከፍሎ ቢያስባዛ አይከለከልም። ያው ድርጅት ኦፊስ ዲፖ በተባለ ሌላ ድርጅት ላይ ያቀረበው ክስም በ2019 ተመሳሳይ ውጤት አገኘ።

ይህ የአሜሪካ ፍርድ ነው። የእኛን ፍርድ ቤት አያስገድድም። አስተሳሰቡ ግን ለእኛም ያበራል። ተማሪው የራሱን ፋይል ይዞ መጥቶ ካሳተመ፣ ሱቁ የሚሸጠው ቀለሙን፣ ወረቀቱንና ጉልበቱን ነው። ሱቁ ራሱ ፋይሉን አውርዶ፣ መቶ ቅጂ ጠርዞ፣ መደርደሪያ ላይ ደርድሮ ዋጋ ለጥፎ ቢሸጥ ግን የሱቁ የራሱ ንግድ ነው። «ኤንሲ» የሚከለክለው ይህን ነው። ሱቆቻችን ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ ልዩነቱን ባለሱቆቹም ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

የግል ትምህርት ቤትስ? ፈቃዱ የሚያየው ተቋሙ የማን እንደሆነ ሳይሆን አጠቃቀሙን ነው። ዋናው ዓላማ የንግድ ጥቅም ወይም ገንዘብ ማግኘት ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እያስከፈሉ የሚሰጥ ቱቶሪያል ላይ መልሱ አከራካሪ ይሆናል። እዚያ ላይ ባለቤቱን መጠየቅ ወይም «ኤንሲ» የሌለበትን መምረጥ ይሻላል።

ከሁለት ቦታ ወስጄ ብቀላቅልስ?

እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከዊኪፔዲያ ስለ ወባ ትንኝ አንድ ክፍል ወሰዳችሁ፤ እሱ «ባይ ኤስኤ» ነው። ከኦፕንለርን ሞጁል ስለ ሕክምናው ወሰዳችሁ፤ እሱ «ባይ ኤንሲ ኤስኤ» ነው። ሁለቱን አዋሕዳችሁ አንድ ወጥ ጽሑፍ አደረጋችሁ። በየትኛው ፈቃድ ትለቁታላችሁ? አንደኛው ለንግድም ይሁን ይላል፤ ሌላኛው አይሁን ይላል። ሁለቱም በእኔ ፈቃድ ብቻ ልቀቁት ይላሉ። አይታረቁም።

መውጫው ሳይዋሐዱ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። አንዱ በአንዱ ገጽ፣ ሌላው በሌላው ገጽ፣ እያንዳንዱ ከነፈቃዱ። «ሲሲ ባይ» እና «ሲሲ ዜሮ» ግን ይህ ችግር የለባቸውም፤ መቀየርን ከሚፈቅዱት ፈቃዶች ሁሉ ጋር ይስማማሉ።

ሌላም ወጥመድ አለ። መጽሐፉ በሙሉ ክፍት ቢሆንም አንዳንድ ፎቶዎቹ የሌላ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ከሥዕሉ ሥር ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ሳያነቡ ማለፍ አያዋጣም።

ስም የሚጠቀሰው እንዴት ነው?

አራት ነገር ይጻፋል። የሥራው ርዕስ፣ የሠራው ሰው፣ የተገኘበት ቦታ፣ የፈቃዱ ዓይነት። የቀየራችሁት ነገር ካለ ያንንም ትናገራላችሁ። «ምንጭ፦ ጎግል» ብሎ መጻፍ ምንጭ መጥቀስ አይደለም። ጎግል ወደ ቦታው መራን እንጂ ሥዕሉን አልሠራውም።

ለምሳሌ በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጣው የኦፕንስታክስ የባዮሎጂ መጽሐፍ አንድ ሥዕል ብትወስዱ ከሥሩ እንዲህ ልትሉ ትችላላችሁ፦ «ሥዕሉ የተወሰደው ከባዮሎጂ፣ ሁለተኛ እትም ነው። ደራሲዎች ሜሪ አን ክላርክ፣ ማቲው ዳግላስና ጁንግ ቾይ። ኦፕንስታክስ። ፈቃድ፦ ሲሲ ባይ 4.0። በሥዕሉ ላይ ያሉት ስያሜዎች ወደ አማርኛ ተመልሰዋል።» ከዚህ ጋር የገጹን አድራሻ መጨመር ነው። ሁለት መስመር ቢፈጅ ነው።

ሥዕል ለመፈለግ ዊኪሚዲያ ኮመንስና ኦፕንቨርስ የሚባሉት ድረ ገጾች ጥሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሥዕል ሥር ፈቃዱ ተጽፏል። ጎግል ላይም የምስል ፍለጋውን በአጠቃቀም ፈቃድ ማጣራት ይቻላል። ዩቲዩብም እንዲህ ያለ ማጣሪያ አለው።

የራሴን ሃንድአውት መልቀቅ ብፈልግስ?

ምዝገባ የለም፤ ክፍያ የለም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስማችሁን፣ ዓመቱንና የመረጣችሁትን ፈቃድ ትጽፋላችሁ፤ ወደ ፈቃዱ ሙሉ ጽሑፍ የሚወስደውን አድራሻም ትጨምራላችሁ። ከዚያ በፊት ግን ሦስት ነገር ልመናዬ ነው።

መጀመሪያ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አረጋግጡ። በአዋጁ መሠረት ተቀጣሪ በሥራው ላይ እያለ የሠራው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የመጀመሪያው ባለመብት ቀጣሪው ነው። ስለዚህ መምህር ለሚያስተምርበት ተቋም ያዘጋጀው ሞጁል የተቋሙ ሊሆን ይችላል። ለዲፓርትመንት ኃላፊው አንድ ደብዳቤ ጽፎ መስማማት ነገሩን ይዘጋዋል። ተቋማቱም በየመምህሩ ከሚጠየቁ አንድ ጊዜ ግልጽ መመሪያ ቢያወጡ ለሁሉም ይቀላል። ተማሪ በራሱ ጊዜ የጻፈው ማስታወሻ ግን የራሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ፈቃዱ አይመለስም። በኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ማሰራጨት ማቆም ትችላላችሁ፤ አስቀድሞ የወሰደው ሰው ግን በተሰጠው ፈቃድ መጠቀሙን ይቀጥላል። ሰው እንዲተረጉመው ከፈለጋችሁ «ኤንዲ»ን አትምረጡ። እኔ ብጠየቅ ለትምህርት ጽሑፍ «ሲሲ ባይ»ን ወይም «ሲሲ ባይ ኤስኤ»ን እመክራለሁ።

ሦስተኛው በፎቶ ላይ ያለው ሰው ጉዳይ ነው። ክፍት ፈቃድ የሚናገረው ስለ ፎቶ አንሺው መብት ብቻ ነው። ለሥልጠና ቀበሌ ወርዳችሁ ያነሳችኋቸው እናት፣ ጤና ኬላ ያያችሁት ሕፃን፣ የታካሚ ስም ያለበት ካርድ፣ እነዚህን በፈቃድ ፊደላት መልቀቅ አይቻልም። ሰዎቹ ራሳቸው፣ ለልጆች ደግሞ ወላጆች፣ ፎቶው የት እንደሚሄድ በሚገባቸው ቋንቋ ተነግሯቸው መስማማት አለባቸው። ተረት ወይም የቆየ ታሪክ ያወሩላችሁን አባትም እንዲሁ ጠይቋቸው፤ ስማቸው እንዲጻፍ ይፈልጉ እንደሆነ እሳቸው ይወስኑ።

እነዚህ ሦስቱ ካለቁ ፋይሉን በፒዲኤፍ ብቻ አትልቀቁት። ሊስተካከል የሚችለውን የወርድ ወይም የፓወርፖይንት ፋይልም አብራችሁ ስጡ። ፒዲኤፍ ብቻ ያገኘ ተርጓሚ ሁሉንም እንደገና ሊተይብ ነው።